ለዋልካ ግቢ ከፍ ያለ መደብ፦ ጣውላ ወይስ ብሎኬት?

ጠያቂ፦ አቃቂ አካባቢ ባለው ግቢያችን ጎመንና ቆስጣ ለመትከል አስቤያለሁ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ በመሆኑ ክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ በጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ከፍ ያለ መደብ ለመሥራት የባሕር ዛፍ ጣውላ ይሻላል ወይስ ብሎኬት? የሚሞላውን አፈር ሁሉ መግዛትስ ግዴታ ነው?

መልስ 1፦ ከግንባታ የተረፈ ብሎኬት ካለዎት እሱን ይጠቀሙ። እኔ በባሕር ዛፍ ጣውላ ሠርቼ በሦስተኛው ክረምት አፈር የነካው ጎኑ በስብሶ በጣቴ ይፈረፈር ነበር። ወርዱ ከ1.2 ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው፤ አለዚያ መሃሉን ለመኮትኮት መደቡን መርገጥ ይመጣል። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ሥሩን ግን በሲሚንቶ እንዳይደፍኑት።

መልስ 2፦ አፈር መግዛቱ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። ዋልካ ውሃ አላሳልፍ ይላል እንጂ ለም ነው፤ ስለዚህ ሁለት እጅ ዋልካ ከአንድ እጅ ብስባሽ ጋር ቢደባለቅ ይላላል። ብስባሹን ከአትክልት ልጣጭ፣ ከጤፍ ጭድ፣ ከቡና አተላና ከከብት ፍግ በየተራ እየደራረቡ፣ እርጥበቱን እየጠበቁና በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጡ በጥቂት ወራት ማድረስ ይቻላል። ትኩስ የዶሮ ኩስ ግን ሥር ያቃጥላል። ጥቂት አሸዋ መጨመርም አይረዳም፤ ሲደርቅ ጡብ ይሆናል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የምድጃ አመድስ?

መልስ 2፦ በጣም ጥቂት ብቻ፤ አመድ የሚጠቅመው ይበልጥ ለኮምጣጣ አፈር ነው።