የተኛውን ባዮጋዝ መቀስቀስ፦ የጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። እሑድ እንደተባባልነው ማኅበራችን ዘንድሮ አንድ ዕቅድ ብቻ ነው የሚያቀርበው። «ባዮሎጂና ምህንድስና የሚገናኙበት ሥራ ይሁን» ብለን ተስማምተናል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰው ስለ ሦስት ነገር አወራ፣ ሻይ ጠጣንና ተለያየን። ለጊዜው በእጄ ያለው ርዕስ «በደብረ ብርሃን ዙሪያ 10 አዲስ ባዮጋዝ (ከእበት የማብሰያ ጋዝ የሚያወጣ ጉድጓድ) መትከል» የሚል ነው። የሚፈለገው ሁለት ገጽ ነው። እስከ ዓርብ ማታ ሐሳባችሁን እዚሁ ጣሉ።

የግብርና ባለሙያ (ባሶና ወራና ወረዳ)፦ እኔ አዲስ መትከሉን እቃወማለሁ። ምክንያቴ እናቴ ጓሮ ነው ያለው። 6 ሜትር ኩብ ባዮጋዝ ተተክሎላታል። ግንቦት ላይ ሰማያዊ እሳት ነደደ፣ ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየ። ኅዳር ላይ እሳቱ አነሰ። ታኅሣሥ ላይ አንድ ጀበና ቡና ማፍላት አቃተው። የተከለው ሰው «እመጣለሁ» እያለ ከረመ፣ አልመጣም። አሁን ጉልላቱ ላይ ዶሮዎች ይሰፍሩበታል። እናቴም ወደ ኩበቷ ተመልሳለች። ባለፈው ቅዳሜ በጠዋት መመገቢያው ውስጥ ቴርሞሜትር በገመድ አንጠልጥዬ ነበር። 12 ዲግሪ። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጭ ብሎ ተኝቷል። አሥር እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ ጨምረን ምን እናደርጋለን?

ብየዳ ቤት፦ ጉልላቱ ተሰንጥቆ ጋዝ እያፈሰ ይሆናል። ሳሙና አረፋ ቀብተሽ አይተሻል?

የግብርና ባለሙያ፦ አይቻለሁ ጋሼ። ቧንቧውም ጉልላቱም ደህና ነው።

የባዮሎጂ መምህርት፦ እንግዲያው የታመመው ግንቡ ሳይሆን ውስጡ ያሉት ናቸው። ይህን ነገር በቀላሉ ላስረዳ፣ ዕቅዱ ላይም እንዲገባ እፈልጋለሁ። ባዮጋዝ ማለት በድንጋይና በሲሚንቶ የተሠራ የላም ጨጓራ ነው። ላሟ ሣሩን ብቻዋን አትፈጨውም። ጨጓራዋ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚያብላሉላት፣ ከእነሱም መካከል ሜታን (የሚነደውን ጋዝ) የሚሠሩ አሉ። እኛ እበቱን ከውኃ ጋር በጥብጠን፣ አየር በማይገባበት ጉድጓድ ዘግተን፣ ያንኑ ሥራ እናስቀጥላለን። አንድ ነገር ግን ረስተናል። የላም ጨጓራ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከዚያ ሙቀት አውጥተን በ2,800 ሜትር ከፍታ ላይ መሬት ውስጥ ቀበርናቸው። ሜታን ሠሪዎቹ በ35 ዲግሪ አካባቢ ደስ ብሏቸው ይሠራሉ። ከ15 በታች ይፈዛሉ፣ ከ10 በታች ሥራ አቆሙ ማለት ይቻላል።

እነዚህ ሜታን ሠሪዎች ባክቴሪያ አይደሉም። ካርል ዎዝ የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረባው ጋር በ1977 እ.ኤ.አ. የራሳቸው የተለየ ዘር መሆናቸውን እስኪያሳይ ድረስ ከባክቴሪያ ጋር ይቆጠሩ ነበር። (ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ሁሌ «ታዲያ ምንድን ናቸው?» ይሉኛል። አርኬያ ናቸው።) ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ሁለት ቡድን አለ። አንዱ እበቱን ወደ አሲድ ይለውጣል፣ ሌላው አሲዱን ወደ ጋዝ። ብርድ ሲመጣ ሁለተኛው ቡድን ቀድሞ ይተኛል። ያን ጊዜ አሲዱ ይከማቻል፣ ነገሩ እንደ ቆየ ሊጥ ይኮመጥጣል።

ኤሌክትሮኒክስ፦ ማሞቂያ ሽቦ ውስጡ እናስገባ። ቀላል ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ መብራቱ ሲጠፋስ? ደግሞ ጋዝ ለማግኘት መብራት እየከፈልን…

ኤሌክትሮኒክስ፦ እሺ፣ ተውኩት።

ከመሐል ሜዳ፦ እዚህ መንዝ ውስጥ የበግ ፀጉር ሞልቷል። በባና እናልብሰው! ሰው የሚያሞቅ ባና ጉድጓድ አያሞቅም?

ብየዳ ቤት፦ ወንድሜ፣ ባና ሙቀት አይሰጥም። ያለው እንዳይወጣ ይይዛል እንጂ። ባና ውስጥ የሚያሞቅህ የራስህ ገላ ነው። ጉድጓዱ ደግሞ የራሱ ሙቀት የለውም ማለት ይቻላል። ድንጋይን በባና ብትጠቀልለው ድንጋይ ነው።

የባዮሎጂ መምህርት፦ ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። አየር በሌለበት የሚብላላ ነገር ሙቀት አያወጣም በሚባል ደረጃ ነው፣ ጉልበቱ ጋዙ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። አየር ያለበት ግን ሌላ ነው። ጠዋት የፍግ ክምር ሲጨስ አይታችሁ የለም? በደንብ የተሠራ ኮምፖስት መሀሉ ከ50 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ጉልላቱን ዙሪያውን በጭድና በፍግ ክምር ብናቅፈው፣ አየር ያለው አየር የሌለውን ያሞቅለታል።

ከመሐል ሜዳ፦ ከዚያ በላዩ ባና።

ጸሐፊ፦ ከዚያ በላዩ ባና፣ ይመዝገብ። (ለማንኛውም ፀጉሩ እርጥበት እንዳይነካው ላስቲክ ያስፈልጋል።)

ኤሌክትሮኒክስ፦ ቦሊቪያና ፔሩ ውስጥ ከ3,500 ሜትር በላይ ባዮጋዝ ይሠራሉ። ግንብ አይደለም የሚጠቀሙት፣ ረጅም የላስቲክ ቱቦ ቦይ ውስጥ ያስተኛሉ። ከላዩ የላስቲክ ቤት ይሠሩበታል፣ ጎኑ ወፍራም የጭቃ ጡብ ነው። ቀን ፀሐይ ጭቃውን ታሞቀዋለች፣ ሌሊት ጭቃው መልሶ ይሰጣል። እበቱም ውስጥ 90 ቀን ያህል ይቆያል። የእኛ አገር ከጥቅምት እስከ ጥር እኮ እንደዚያው ነው፤ ቀኑ ጠራራ፣ ሌሊቱ ውርጭ።

ገንዘብ ያዥ፦ በረዶ ሲጥል ላስቲኩን ወንፊት ያደርገዋል።

ብየዳ ቤት፦ ክረምት ላይ እናነሳዋለን። ክረምት ደመና ስለሆነ ያኔ ብዙም አይጠቅምም።

የግብርና ባለሙያ፦ እኔ ደግሞ ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ እበቱን የምትበጠብጠው ማለዳ ከጉድጓድ በቀዳችው ውኃ ነው። እጅ ያደነዝዛል። ለምን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ አይሆንም? በጥቁር ጀሪካን ፀሐይ ላይ ውሎ ሞቅ ባለ ውኃ?

ብየዳ ቤት፦ ላስላው። 30 ኪሎ እበት፣ 30 ሊትር ውኃ። ውኃው በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ድብልቁ በ10 ይሞቃል። ጉድጓዱ ውስጥ 5 ቶን አለ። 60 ኪሎ ሲጨመርበት በቀን 0.12 ዲግሪ ከፍ ይላል። ትንሽ ነው። በወር ግን ሦስት ዲግሪ ተኩል ነው፣ መሬቱ ካልጠጣው። መሬቱ ይጠጣዋል፣ ግማሹ ቢተርፍም አልከፋም። ለካ ብልሃት አለሽ።

የባዮሎጂ መምህርት፦ የፈላ ውኃ እንዳይገባ ብቻ ይጻፍ። ድንገተኛ ለውጥ አይወዱም።

ከሸዋሮቢት፦ እዚህ ታች ጣርማበርን ወርደን 1,300 ሜትር ላይ ነን። ብርድ አናውቅም፣ የእኛ ባዮጋዝ ዓመቱን ሙሉ ይነድዳል። ለማስጀመሪያ ከእኛ ዝቃጭ በጀሪካን ብንልክላችሁስ?

የባዮሎጂ መምህርት፦ አመሰግናለሁ፣ ግን ሙቀት የለመደ ነገር እዚህ መጥቶ ይተኛል። ከቄራ ትኩስ ፈርስ እንወስዳለን፣ በውስጡ የሚፈለጉት አሉ። ከረግረጉም ከታች ያለውን ጥቁር ጭቃ እንጨምራለን፣ ብርዱን የለመዱት እዚያ ናቸውና። ረግረግ ውስጥ አረፋ ሲወጣ ያያችሁት ይኸው ሜታን ነው። ቮልታ የሚባል ጣሊያናዊ ሳይንቲስት በ1776 እ.ኤ.አ. ማጆሬ ከሚባል የጣሊያን ሐይቅ ሰብስቦ በእሳት የሞከረው ይህንኑ ነው። እናንተ ግን አንድ ትልቅ ነገር ትረዱናላችሁ፤ የእናንተው አንዱ ለንጽጽር ይለካ።

ጸሐፊ፦ ኩበት ላይ ማንም አልተናገረም። ይህ ነገር ደግሞ ያስፈራኛል። ገበያ ላይ ኩበት ገንዘብ ነው፣ ብዙ እናቶች የሚተዳደሩት በሱ ነው። «እበትሽን ሁሉ ጉድጓድ ውስጥ ጨምሪ» ስንላቸው ገቢያቸውን ነው የምንወስደው።

የግብርና ባለሙያ፦ እውነት ነው። ሁለት ነገር ግን አለ። ጋዙ ከወጣ በኋላ ዝቃጩ ማዳበሪያነቱ አይጠፋም፣ ናይትሮጅኑ እዚያው ነው። ገብስ ማሳ ላይ ሲፈስ ይታያል። ኩበት ሆኖ የነደደው ናይትሮጅን ግን በጭስ ሄዷል። ሁለተኛው፣ ያላት እበት ሁሉ አያስፈልገንም። አንድ ከብት ሌሊት በረት ውስጥ የሚጥለው 10 ኪሎ ያህል ነው። የሦስት ከብት ይበቃል፣ የተረፈው ኩበት ይሁን።

ጸሐፊ፦ እንጀራስ? መጀመሪያ የሚጠይቁን እሱን ነው።

ብየዳ ቤት፦ እንጀራ አይጋግርም። ቁርጥ አድርገን እንጻፈው። ምጣድ ሰፊ ነው፣ ብዙ እሳት ይጠጣል። ወጥና ቡና ብቻ። አጋነን ጽፈን ከምናፍር።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ የምለው፣ ብሔራዊው የባዮጋዝ ፕሮግራም መጀመሪያ 14,000 አቅዶ 8,000 ያህል ነው የተከለው። የሚተክሉት ዓይነት ከኔፓል የመጣ ነው፣ ስሙንም «ስንዱ» ብለውታል። እናቷ ጓሮ ያለው ግን ስንዱ ሳይሆን ስንፍ ሆኗል። እኛ አሥር ብንጨምር ባሕር ውስጥ ጠብታ ነው። የተኛውን ማስነሳት ግን በትንሽ ብር ይሆናል። ርዕሱ ይቀየር።

ከመሐል ሜዳ፦ ደግፌያለሁ።

ከሸዋሮቢት፦ ደግፌያለሁ።

ኤሌክትሮኒክስ፦ መለኪያው የእኔ ነው። ውኃ የማያስገባ የሙቀት ሴንሰር በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት፤ ታች፣ መሀል፣ ላይ። አርዱይኖ (ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው) በየግማሽ ሰዓቱ ልኬቱን ካርድ ላይ ይጽፋል። የጋዝ ቆጣሪ ውድ ነው፣ እናቶቹ ምድጃው በቀን ስንት ደቂቃ እንደነደደ ደብተር ላይ ይጻፉ።

የባዮሎጂ መምህርት፦ አንዱን ምንም ሳንነካው እንተወው። ያለዚያ ለውጡን ያመጣው የእኛ ሥራ ይሁን የአየሩ መለዋወጥ አናውቅም።

ብየዳ ቤት፦ ሳይነካ የሚቀረው የማን ነው? ማን እሺ ይላል?

የግብርና ባለሙያ፦ ጎረቤታችን እሺ ትላለች፣ ከየካቲት በኋላ የእሷም እንደሚሠራላት በጽሑፍ ከሰጠናት።

ብየዳ ቤት፦ እኔ የጋዙን ማጣሪያ እሠራለሁ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ምድጃውን ይበላዋል። የቶርኖ የብረት ፍቅፋቂ አዝገን ቧንቧ ውስጥ እንጠቀጥቃለን፣ ዝገቱ ድኙን ይይዘዋል። ደግሞ አንድ መስመር በትልቁ ጻፊልኝ፤ ማንም ሰው በምንም ምክንያት ጉድጓዱ ውስጥ አይገባም። ባዶ ቢመስልም።

ጸሐፊ፦ እስካሁን የተስማማንበትን ላንብብላችሁ።

«ማኅበሩ በባሶና ወራና ሦስት የቆሙ ባዮጋዞችን ይመርጣል። አንዱ በላስቲክ ቤትና በጭቃ ግንብ፣ አንዱ በጭድና ፍግ ክምር (ከላዩ የበግ ፀጉር) ይሞቃል፤ አንዱ ለንጽጽር ሳይነካ ይቆያል። ሁለቱ የሚሞቁት በፀሐይ በሞቀ ውኃ ይመገባሉ፣ በፈርስና በረግረግ ጭቃም ይጀመራሉ። አራተኛ በሸዋሮቢት ይለካል። ልኬቱ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ጋዙ ለወጥና ለቡና እንጂ ለእንጀራ እንደማይበቃ ለባለቤቶቹ አስቀድሞ ይነገራል።»

ገንዘብ ያዥ፦ በጀቱን ነገ አመጣለሁ። የላስቲኩን ዋጋ ገበያ ወጥቼ ጠይቄ ነው የምጽፈው፣ በግምት አይደለም።

የግብርና ባለሙያ፦ እናቴን አሁን በስልክ ጠየቅኳት። እሺ ብላለች። ግን «ዶሮዎቼ የት ይደሩ?» አለችኝ።

ጸሐፊ፦ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ የዶሮ ቤት በጀቱ ላይ ይጨመር።