ጥርስ ባዳ ነው፤ የእጩ ፈገግታ ድምፅ ያስነፍጋል?

አራት ኪሎ፦
ትናንት ማታ ሰፈራችን ካለች ጀበና ቡና ቤት ተቀምጠን የእጩዎች ክርክር በቴሌቪዥን እያየን ነበር። የቤት ኪራይ ጥያቄ ተነሳ። አንዱ እጩ ከመመለሱ በፊት ፈገግ አለ። ጥርሱ በሙሉ ታየ፣ ዓይኑ ግን ካሜራው ላይ እንደፈጠጠ ቀረ። በእጁ የእስክሪብቶውን ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቀጭ፣ ቀጭ። ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናውን ከፍ አድርጋ እንደያዘች «ይሄ ሰውዬስ ያስፈራል» አለች። አብረውኝ የነበሩት ሁለት ጓደኞቼ የሰውዬውን ሐሳብ ወደውት ነበር። እዚያው ተቀየሩ። ሰውን በፊቱ ድምፅ መንፈግ ግፍ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ፒያሳ፦
ምን ግፍ አለው? ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል። ሕዝብ በኪራይ ተማሮ ሲጠይቀው ጥርሱን የሚያሳይ ሰው፣ ነገ ቢሮው አቤት ብል ምን ሊሆነኝ ነው? ደግሞ እኛ ታላቅ ፊት ዓይን ሰበር አድርጎ መናገርን ነው የተማርነው። አፍጥጦ የሚያይ ሰው ይከብደኛል፣ አልዋሽም።

ካዛንቺስ፦
ወንድሜ፣ ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰማህም? እኔ ስፈራ እስቃለሁ። አባቴ የተቀበረ ዕለት ድንኳን ውስጥ ፈገግታው አልለቅ ብሎኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ዋልኩ። ውስጤ እየነደደ ነበር። አክስቴ እስከ ዛሬ ቂም ይዛብኛለች። ሰውዬውን ሳየው ያ ቀን ነው የመጣብኝ። እጁ ሲንቀጠቀጥ ያየስ የለም?

አምስት ኪሎ፦
ይሄ የኛ ብቻ አይደለም። ኒክሰን በ1960 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ከኬኔዲ ጋር ሲከራከር፣ ጉልበቱ አመርቅዞ ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ ብዙም አልቆየም ነበር። ከስቶ፣ ገርጥቶ፣ አገጩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ታየ። ሰው እስካሁን የሚያወራው ስለ ላቡ ነው። አል ጎር በ2000 ቡሽ በተናገረ ቁጥር በረጅሙ ሲተነፍስ ንቀት ተባለበት። በ2005 ደግሞ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው አሌክሳንደር ቶዶሮቭና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አወጡ። የማያውቋቸውን ሁለት እጩዎች ፎቶ ለሰዎች አሳይተው «የትኛው ብቁ ይመስላል?» አሏቸው። በዚያ ብቻ 70 በመቶ ገደማ የሴኔት ውድድሮችን አሸናፊ ለዩ። አንድ ሰከንድ ማየት በቂ ነበር። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ጆሯችን ሳይሰማ ዓይናችን ይፈርዳል።

ፒያሳ፦
እንግዲያው ትልቁን ቡሽ፣ አባትየውን ልጨምርልህ። በ1992 ክርክር ላይ አንዲት ሴት የአገሪቱ ዕዳ በግል ሕይወታችሁ እንዴት እንደነካችሁ ንገሩኝ ስትል ሰዓቱን አየ። በዚያው ዓመት ተሸነፈ። ሰው ሲቸገር ሰዓት ማየት ምን ይባላል?

አራት ኪሎ፦
አየ፣ እሺ። ግን ሲመልስም ጥያቄው በደንብ አልገባኝም አለ። ተፎካካሪው ክሊንተን ወደ ሴትዮዋ ጠጋ ብሎ እሷንስ እንዴት እንደነካት ጠየቃት። ቡሽን የጎዳው መልሱ ጭምር ነው። ስለዚህ የኛውንም በመልሱ እንየው።

ዛሬ ጠዋት ቅጂውን ደግሜ ሰማሁት። ምስሉን እንዳላይ ስልኬን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። አከራይ «በጎን ጨምር» ሲልህ ግን የት ትሄዳለህ? ሰውዬው እዚያችው ላይ ነው የገባው። ተከራይ ስሙ ሳይወጣ የሚያመለክትበት መንገድ ይኑር፣ ወረዳውም በቀን ገደብ ይመልስለት አለ። ከሌሎቹ እጩዎች አንዳቸውም ይህን አልነኩም። ትናንት ሦስታችንም ሰምተነው ነበር። አንዳችንም አላስታወስነውም።

ሄጄ ለቡናዋ ልጅ ነገርኳት። እሷም ተከራይ ናት፣ ባለፈው ወር በጎን ጨምረውባታል። ስኒውን አስቀምጣ በጥሞና ሰማችኝ። ትንሽ አሰበችና፣ «ጥሩ ተናግሯል» አለች። «ግን ለምን ይስቃል?»