«ሉዲብሪየም»፦ ጨዋታ ወይስ መሳለቂያ?

አወያይ፦ ጀርመናዊው የሉተራን ቄስ ዮሐን ቫለንቲን አንድሬ በ1616 በስትራስቡርግ የታተመውን «የአልኬሚ ሠርግ» የተባለ ድርሰቱን (አልኬሚ ተራ ብረትን ወርቅ ለማድረግ የሚሞክር የጥንት ጥበብ ነው)፣ በላቲን በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ላይ «ሉዲብሪየም» ብሎታል። በአማርኛ «ጨዋታ» እንበለው ወይስ «መሳለቂያ»?

ዮድ፦ ጨዋታ ነው። ሥሩ «ሉዱስ» ነው፤ ሉዱስ ጨዋታም፣ የአደባባይ ትርኢትም፣ ትምህርት ቤትም ማለት ነው። ንቀቱ ከየት መጣ?

ባለ ሰዋስው፦ ወንድሜ፣ ሥሩ ልክ ነው፤ ፍቺውን የሚወስነው ግን አገባቡ ነው። በእኛም «ተጫወተ» እና «ተጫወተበት» ሥራቸው አንድ ነው፤ በመጀመሪያው ልጅ ይደሰታል፣ በሁለተኛው ሰው ይዋረዳል። ሉዲብሪየም የ«በት» ወገን ነው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪየስ፣ የሮሙ ንጉሥ የታርኲን ልጆች በግሪክ ወዳለችው ዴልፊ ሲሄዱ ጅል መስሎ የሚኖረውን ብሩቱስን ይዘውት እንደሄዱ ይተርክና «ከጓደኛ ይልቅ ሉዲብሪየም» ነበር ይላል። እዚያ ላይ «ጨዋታ» ብለህ ተርጉመው እስቲ!

ሰዋስዉንም ተመልከት። ቃሉ ተባዕትም አንስትም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ አለው፤ ስለ ወንድ ሲነገርም አይለወጥም። «ለጠላት መሳለቂያ መሆን» ለማለት እኛ «ለ»ን ጠላት ላይ ብቻ እናደርጋለን፤ ሮማውያን ግን መሳለቂያውንም በዚያው የ«ለ» ሙያ ያስገቡታል፦ «ሆስቲ ሉዲብሪዮ ኤሴ»።

ወለተ፦ ሁልጊዜ ሰውየውን ብቻ አያመለክትም። በዕብራውያን 11፥36 የላቲኑ መጽሐፍ ቅዱስ ቩልጋታ በብዙ ቁጥር «ሉዲብሪያ» ይላል፤ አማርኛችን «መዘበቻ በመሆን» ብሎታል። በላቲኑ ግን የደረሰባቸው ፌዝ ራሱ ነው።

ባለ ሰዋስው፦ እውነትሽን ነው እህቴ፣ አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ይዟል።

ዮድ፦ ደራሲ የገዛ ልጁን ያዋርዳል? አንድሬ ይህን አያደርግም።

ባለ ሰዋስው፦ ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብበው። አንዳንዶች ድርሰቱን እንዳከበሩትና በረቀቀ ምርምር እንደተረጎሙት ሲጽፍ ይገረማል፤ ፈጽሞ ከንቱ ነውም ይላል። ይህን ያለ ሰው «ጨዋታ» ብቻ ማለቱ ነው?

ወለተ፦ ለመጽሐፍ ግን «መሳለቂያ» አይገጥምም፤ የሚሳለቁበት ሰው ያስመስለዋል። «ቧልት» ብንለውስ? ጨዋታውም ንቀቱም አለበት።

ዮድ፦ ቧልትን እቀበላለሁ። ነገር ግን መጽሐፉ ሲታተም አንድሬ ዕድሜው ገና 30 ዓመት ገደማ ነበር፤ ቃሉ የመጣው ኋላ፣ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ነው። ስለዚህ ቧልት ያለው የኋላው አንድሬ ነው እንጂ ሠርጉን የጻፈው ወጣት ነው ብላችሁ አታስረዱኝም።