ከ300 ዩሮ ያልበለጠ ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን፣ እናቴ ከመምጣቷ በፊት

አዲስ ገቢ (ፍራንክፈርት)

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጓደኞቼ ጋር በጋራ እንኖርበት ከነበረው ቤት ወጥቼ በስሜ የተከራየሁት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ከገባሁ ገና ቅርብ ጊዜ ነው። እናቴ የሦስት ወር ቪዛ አግኝታ በኅዳር ከአዲስ አበባ ትመጣለች። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በፈረቃ ስለምሠራ ብዙውን ቀን ብቻዋን ትውላለች፤ ቋንቋውንም ስለማታውቅ ቅዳሴውን፣ ዜናውንና ድራማውን በአማርኛ የምትከታተልበት ፍላት ስክሪን ልገዛላት አስቤአለሁ። አቅሜ ከ300 ዩሮ አይበልጥም። ሶፋው ከግድግዳው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስለሚርቅ 43 ኢንች ይበቃል ብዬ ገምቻለሁ፤ ነገር ግን በዚህ ዋጋ ከሚሸጡት መካከል የትኛውን ልምረጥ? ደግሞም ቴሌቪዥን በገዛሁ ማግሥት የሥርጭት ክፍያ ደብዳቤ ይደርስሻል ብለው የሚያስፈራሩኝ አሉ። በዚህ ላይ ወንድሜ ገና ያልተገዛውን ቴሌቪዥን እናቴ ስትመለስ ይዛለት እንድትመጣ ከወዲሁ ጠይቋል፤ እምቢ ለማለት ከብዶኛል። ምክራችሁን እጠብቃለሁ።

የሽቦ ሰው (ኑረምበርግ)

እኅታችን፣ እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ። የስንት ዓመት ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። በዚህ ዋጋ ስለ ብራንድ ስም ብዙ አትጨነቂ፤ አንድ ኩባንያ ራሱ እጅግ ጥሩም እጅግ ተራም ሞዴል ስለሚያወጣ መመርመር ያለበት የሞዴሉ ቁጥር ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከሚጻፉት ቃላት አብዛኞቹ ላንቺ ጥቅም አይሰጡም። 43 ኢንች ላይ የሚሸጡት ዛሬ ከሞላ ጎደል ሁሉም 4ኬ የሚባለው ከፍተኛ የምስል ጥራት ያላቸው ናቸው፤ ነገር ግን ከሁለት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ 4ኬን ከእርሱ ዝቅ ከሚለው ከፉል ኤችዲ መለየት ለብዙ ዓይን አስቸጋሪ ነው፣ የአማርኛው የዩቲዩብ ሥርጭትም አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች በሆነ ጥራት ነው የሚመጣው። ኤችዲአር (ብርሃኑንና ጥላውን አጉልቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) የሚለውም ጽሑፍ በርካሽ ቴሌቪዥን ላይ ምልክቱን ይቀበላል ማለት እንጂ የስክሪኑ ብርሃን በእርግጥ ለዚያ ይበቃል ማለት አይደለም።

ይልቅስ እናትሽ የሚቀመጡበትን ቦታ አስቢ። ቪኤ የሚባለው የስክሪን ዓይነት ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ጥቁሩን በጥቁርነቱ ያሳያል፣ በጎን ለሚያይ ግን ቀለሙ ይገረጣል፤ አይፒኤስ የሚባለው ደግሞ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ቢያደላም ከጎን ሲታይ እምብዛም አይለወጥም። ሶፋሽ ከግድግዳው ጋር ፊት ለፊት ከሆነ ቪኤውን፣ በማዕዘን ከሆነ አይፒኤሱን ውሰጂ። ሁለተኛው ነገር ድምፅ ነው። የእነዚህ ቀጫጭን ቴሌቪዥኖች ድምፅ ማጉያ ትንሽ ከመሆኑም በላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች የዞረ ስለሆነ ንግግሩ ይታፈናል፤ ጆሮአቸው ደከም ላለ ሰው ደግሞ ከምስሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ይህ ነው። ስለዚህ 300ውን ሁሉ በስክሪኑ ላይ ከማዋል ይልቅ 240 አካባቢ የሚሸጠውን ወስደሽ በቀሪው ትንሽ ሳውንድ ባር (ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ድምፅ ማጉያ) ግዢ፤ ከኤችዲኤምአይ መሰኪያዎቹ አንዱ ኤአርሲ (ድምፁን ወደ ሳውንድ ባሩ የሚያወጣ ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ እንዳለበት ብቻ አረጋግጪ።

የመብራት ፍጆታውም ይታወቃል። በአውሮፓ ኅብረት ከመጋቢት 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኤ እስከ ጂ ያለው አዲስ መለያ ስለተለጠፈ በዚህ ዋጋ ኤፍ ወይም ጂ ብታዪ አትደንግጪ፤ መለያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ። በ1,000 ሰዓት 55 ኪሎዋት ሰዓት የሚል ከሆነና እናትሽ በቀን ስምንት ሰዓት ቢከፍቱት፣ በኪሎዋት ሰዓት 35 ሳንቲም ብናስብ ሦስቱ ወር 14 ዩሮ ገደማ ያስወጣሻል። የእግሮቹን ስፋት ደግሞ በሜትር ለኪ፤ ዛሬ ብዙዎቹ መቆሚያቸው ዳርና ዳር ስለሆነ ጠባብ ጠረጴዛ ላይ አይቆሙም፣ ያኔ ግድግዳ መብሳት ሊመጣ ነው፣ ሲለቁ መድፈኑም የተከራዩ ዕዳ ይሆናል።

ነባር ተከራይ (ኮሎኝ)

የሽቦ ሰው ስለ ዕቃው በሚገባ ስለተናገሩ እኔ ስለ ክፍያው ልጻፍ። ብዙ ወገኖቻችን እስከ ዛሬ በአሮጌ ስሙ «ጌ ኤ ጼት» የሚሉት ክፍያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዕቃ ላይ ሳይሆን በመኖሪያ ቤት ላይ የተጣለ ነው። ቴሌቪዥን ኖረዎትም አልኖረዎትም አንድ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ይከፍላል፤ ስለዚህ ቴሌቪዥን በመግዛትዎ የሚጨመርብዎ ሳንቲም የለም። በጋራ ቤት ሳሉ ከመካከላችሁ አንዱ ብቻ ይከፍል ስለነበር ምናልባት ደብዳቤው በእርስዎ ስም መጥቶ አያውቅም ይሆናል፤ አሁን ግን ቤቱ በስምዎ ስለሆነ ራስዎ ይመዝገቡ። የነዋሪዎች መዝገብ ቤት አድራሻዎን ስለሚያስተላልፍ ዝም ማለት ውዝፍ ከማጠራቀም በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። ከክፍያው ነፃ የሚሆኑት እንደ ማኅበራዊ ድጎማ ተቀባዮችና የጥገኝነት ጠያቂዎች አበል የሚያገኙ ሰዎች ናቸው፣ እነርሱም ቢሆኑ ማመልከት አለባቸው።

ሌላው የኬብል ነገር ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ አከራይ የኬብል ቴሌቪዥንን ወጪ ከኪራይ ጋር በሚታሰቡት ተጨማሪ ወጪዎች ውስጥ ሊጨምርብዎ አይችልም፤ የዓመቱ ሒሳብ ሲመጣ ይህንን መስመር ይፈልጉ። በር አንኳኩተው «ኬብልዎ ሊቋረጥ ነው፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» ለሚሉ ሻጮችም አይፈርሙ፤ ከፈረሙ በኋላም በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መሰረዝ ይቻላል። ለአማርኛ ሥርጭት ኬብል ምንም አያደርግልዎትም፣ የሚያስፈልግዎ ጥሩ ኢንተርኔት ነው።

ዲሽ ልስቀል ካሉ ደግሞ መጀመሪያ አከራዩን ይጠይቁ። በካርልስሩሄ የሚገኘው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት በ1994 እ.ኤ.አ. የአንድ ቱርካዊ ተከራይን ጉዳይ ሲመለከት የውጭ አገር ሰው ከአገሩ መረጃ የማግኘት መብቱ ከአከራዩ የንብረት መብት ጋር መመዘን እንዳለበት ወስኗል፤ ይሁን እንጂ ያንኑ ሥርጭት በኢንተርኔት ማግኘት በተቻለበት በዛሬው ጊዜ ሚዛኑ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አከራዩ ያደላል።

ከፖቶማክ ማዶ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እኛ ዘንድ ያለውን ላካፍላችሁ። ከአሜሪካ ቴሌቪዥን ለሚልኩ ወገኖች ሁልጊዜ የምናገረው ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዲያነቡ ነው፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ አዲስ አበባ ደርሶ 220 ላይ በተሰካበት ቅጽበት ያበቃለታል። የአየር ላይ ሥርጭት መቀበያውም ኤቲኤስሲ የሚባለው የአሜሪካ ዓይነት ስለሆነ እዚያ አይሠራም። እናንተ ጀርመን ያላችሁ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናችሁ።

ይህን ካልኩ ዘንድ፣ ስለ እናትሽ የጻፍሽው የራሴን እናት አስታወሰኝ። እዚህ በነበሩበት ክረምት ውጭው ከመጨለሙ በፊት ዜና ይጠብቁ ነበር፤ ዜና አንባቢው «እንደምን አመሻችሁ» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ይመልሱለታል። እናንተ ዘንድ በክረምት የሰዓቱ ልዩነት ሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ የማታ ሁለት ሰዓቱ ዜና ለእናትሽ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይደርሳቸዋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ኢንች የሚለው አይመስለኝም። አንቺ በሌለሽበት ራሳቸው ከፍተው የፈለጉትን ማግኘት ይችላሉ ወይ? ዩቲዩብ ላይ የሚፈልጉትን ለመጻፍ የስክሪኑ ፊደል ላቲን ነው፣ የአማርኛ ፊደል የሚያወጣ ቴሌቪዥን አላጋጠመኝም።

የመርካቶ ልጅ (ሙኒክ)

ሁላችሁም የዘለላችሁትን የወንድምየውን ጥያቄ ላንሳ። እኔ ትውሰድለት ባይ ነኝ። አውሮፓ የሚሸጠው አብዛኛው ቴሌቪዥን የሳተላይት መቀበያው ውስጡ ስላለ አዲስ አበባ ላይ ወደ ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከተተከለ ዲሽ ጋር ያለ ሪሲቨር በቀጥታ ይሠራል፤ መሰኪያውም ቮልቴጁም አንድ ነው። እዚያ አንድ ደመወዝተኛ እንዲህ ያለውን ዕቃ ለመግዛት የስንት ወር ደመወዝ ማጠራቀም እንዳለበት የምታውቁት ነው። እናቲቱ ከሄዱ በኋላ እኅታችን ስልኳን ነው የምታየው፤ ታዲያ ቴሌቪዥኑ ባዶ ቤት ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?

የሽቦ ሰው (ኑረምበርግ)

ወንድሜ፣ ስለ መቀበያው ያሉት እውነት ነው፣ ስለ ጉዞው ግን አልተናገሩም። በአውሮፕላን አንድ ሻንጣ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ይፈለጋል፤ የ43 ኢንች ካርቶን ግን 185 አካባቢ ይመጣል። 32 ኢንች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በልኩ ይገባል። የትርፍ ልክ ክፍያው፣ ጉምሩኩና እዚያ ሲደርስ ከመብራቱ መዋዠቅ የሚጠብቀው ስታቢላይዘር ሲደመር የዕቃውን ዋጋ ያህል ይሆናል። ቢሰበር ደግሞ እዚህ ያለው የሁለት ዓመት ዋስትና እዚያ አይከተለውም።

ነባር ተከራይ (ኮሎኝ)

እኔ ከሁለታችሁም አልስማማም። ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተለቀቀ በባንክ የሚላክ ዩሮ እንደ ድሮው ግማሽ ዋጋ አያጣም፤ መቶ ዩሮ ትላክለትና የጎደለውን ጨምሮ ዋስትናው እዚያው የሚሠራለትን ይግዛ። ከዚያ በላይ ከተጠየቀች ደግሞ አይቻለኝም ማለትን ትልመድ። «እንደ ቤቴ እንጂ እንደ ጎረቤቴ አልኖርም» ይባላል፤ በፈረቃ ሠርታ ኪራይ የምትከፍል ልጅ የዘመድ ቤት ሁሉ ዕቃ አሟይ ልትሆን አትችልም።

የመርካቶ ልጅ (ሙኒክ)

ጋሼ፣ ምንዛሪው ሲለቀቅ የዕቃውም ዋጋ አብሮ መውጣቱን ዘነጉት። ደግሞስ ወንድም ጎረቤት ሆነ? እርስዎ እዚህ የመጡት ማን ምን ሸጦ፣ ማን ከማን ተበድሮ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን የመጣሁት ወንድሜ ተበድሮ በሰጠኝ ገንዘብ ስለሆነ ቴሌቪዥን ጠየቀኝ ብዬ በአደባባይ አላማው።

ነባር ተከራይ (ኮሎኝ)

ያማው ማንም የለም። የጠየቀችው ምክር ነው፣ የሰጠሁትም ምክር ነው። የሚያሳዝነኝ ከእኛ መካከል በወር መጨረሻ ኪራይ ጎድሎበት ከማኅበሩ ሣጥን የሚበደረው ሰው ራሱ በዚያው ወር ስልክ የላከ መሆኑ ነው። ብድር አለብኝ የሚል ብድሩን ይክፈል፤ በእናት ጉዞ ላይ 10 ኪሎ ካርቶን መጫን ግን ብድር መክፈል አይደለም።

አዲስ ገቢ (ፍራንክፈርት)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለክፍያው ዛሬ በኢንተርኔት ተመዝግቤአለሁ። በተረፈ ወንድሜ ለእኔ ክፉ ሰው አይደለም፣ እባካችሁ በእርሱ አትጣሉ። አንድ ባለ 43 ኢንች በ249 ዩሮ አግኝቻለሁ፤ ቪኤ ነው ይላል፣ ሶፋዬ ግን በማዕዘን ነው፤ አይፒኤሱ በ310 ነው ያለው። ልዩነቱ ለአንዲት ሴት ዓይን ያን ያህል ይታያል ወይስ ሶፋውን ላዙር? ከፖቶማክ ማዶ ያነሡት የፊደል ነገርም ያሳስበኛል፤ እናቴ ላቲን ማንበብ አትችልም።

ከፖቶማክ ማዶ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ለፊደሉ እንዲህ አድርጊ፤ እናትሽ የሚወዷቸውን ቻናሎች ሁሉ በአንቺ አካውንት ሰብስክራይብ አድርጊና ዩቲዩቡ ሲከፈት ሥዕላቸው እንዲወጣ አድርጊ፣ በሥዕሉ ይለያሉ። በስልካቸው በአማርኛ ጽፈው ወደ ቴሌቪዥኑ መላክም ይችላሉ፤ ሁለቱ በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆን አለባቸው። ሪሞቱ ላይ ከማብሪያው፣ ከድምፁና ከመሐል ቁልፉ በቀር ሌላውን ቁልፍ በፕላስተር ሸፍኚላቸው። ስለ ስክሪኑ የሽቦ ሰው ይመልሱ።

የመርካቶ ልጅ (ሙኒክ)

የሽቦ ሰው ከመመለሳቸው በፊት፣ የተከበሩ ነባር ተከራይ ስለ ማኅበሩ ሣጥን የጻፉት ማንን እንደሆነ በግልጽ ቢነግሩን ደስ ይለኛል።