ጉባኤው ሰኞ ነው፤ ሁለተኛው አዳራሽ ተዘግቷል፦ 84 የቃል ገለጻዎችን በአንድ አዳራሽ እንዴት እናስተናግድ?

የአዘጋጅ ኮሚቴው ጸሐፊ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ነገሩ አስቸኳይ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። ሰኞ የሚከፈተው የስብራትና የመዋቅር ጽኑነት ዓለም አቀፍ ጉባኤያችን በሁለት አዳራሾች ጎን ለጎን እንዲካሄድ ታቅዶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሆቴሉ በትንሹ አዳራሽ ቢም (ከላይ ያለውን ጭነት የሚሸከም አግዳሚ) ላይ ስንጥቅ መታየቱን ጠቅሶ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አዳራሹን ዘግቶብናል። የተቀበልናቸው የቃል ገለጻዎች 84 ናቸው፤ መርሐ ግብሩ ለሁሉም ተልኳል፤ የመጀመሪያዎቹ የውጭ እንግዶች ቅዳሜ ይገባሉ። በአቅራቢያው ሌላ ክፍት አዳራሽ አላገኘንም። ምን እናድርግ? ፈጣን መልስ እንለምናለን።

ሳቂታው ብየዳ
የስብራት ጉባኤ አዳራሹ ተሰንጥቆበት ተዘጋ ሲባል ሳቄን መግታት ስላልቻልኩ ይቅርታ ይደረግልኝ። ስንጥቁን በክብር እንግድነት መዝግቡት፤ ቢያንስ የአውሮፕላን ቲኬትና የአበል ጥያቄ አያነሣም።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ አትደናገጥ። ይህ ሙያ ራሱ ከድንጋጤ የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1943 በአሜሪካ ፖርትላንድ ወደብ ላይ የቆመች ስኬኔክታዲ የተባለች አዲስ ነዳጅ ጫኝ መርከብ፣ ማዕበል ሳይነካት፣ መሐል ለመሐል ተሰብራ ለሁለት ልትከፈል ደረሰች። እ.ኤ.አ. በ1954 ደግሞ ኮሜት የተባሉት የመንገደኛ ጄቶች በወራት ልዩነት ሁለት ጊዜ በሜዲትራኒያን ላይ በአየር ተበታተኑ፤ እንግሊዞች አንዱን የአውሮፕላን አካል ፋርንቦሮ ላይ ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ከተው ግፊቱን ደጋግመው በመጨመርና በመቀነስ የብረት ድካም መሆኑን አረጋገጡ። ምሁራኑ እ.ኤ.አ. በ1959 በማሳቹሴትስ ስዋምፕስኮት ተሰባስበው ተወያዩ፤ በ1965 ደግሞ ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ዮኮቦሪ በሴንዳይ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የስብራት ጉባኤ አዘጋጁ፤ እርሱም በየአራት ዓመቱ የሚካሄድ ሆነ። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የዚህ ጉባኤ ዋና ሥራ ጥያቄና ክርክር መሆኑን ለማስታወስ ነው። ስለዚህ ሌላ የምትቆርጠው ነገር እያለ ከእያንዳንዱ ተናጋሪ የጥያቄ ጊዜ ላይ አትቁረጥ፤ ገለጻውን ወደ 10 ደቂቃ ካወረድኸው መጀመሪያ የሚጠፋው ጥያቄው ነው።

ከድሬዳዋ
የመምህሩ ታሪክ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አዳራሽ አይሆንም። ግማሹን ወደ ፖስተር (ታትሞ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ማሳያ) ቀይሩት።

የግንባታ ተቆጣጣሪ
እኔ ከጥያቄው መነሻ ጋር አልስማማም። ስንጥቅ ታየ ተብሎ ብቻ አዳራሽ አይዘጋም። የተጠናከረ ኮንክሪት ጭነት ሲያርፍበት መሰንጠቁ የተለመደ ነው፤ የአውሮፓ የኮንክሪት ንድፍ ደንብ የሆነው ዩሮኮድ 2ም ቢሆን እንደ አካባቢው ሁኔታ 0.3 ወይም 0.4 ሚሊ ሜትር የሚደርስ የስንጥቅ ስፋትን ይፈቅዳል። ምናልባት የተሰነጠቀው ልስኑ እንጂ ቢሙ ላይሆን ይችላል። ጠያቂው ስንጥቁ የት ቦታ ላይ እንዳለ፣ ወደ የት እንደሚያዘነብልና ስፋቱ ስንት እንደሆነ አልነገሩንም። በቢሙ መሐል ከታች ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ የፀጉር ያህል ቀጭን መስመር ከሆነ ሆቴሉ ሌላ ተከራይ አግኝቶ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ልስኑ ይነሣ፣ በስንጥቁ ላይ የጄሶ ምልክት ይለጠፍ፣ ጄሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴ አለ ማለት ነው።

የአዘጋጅ ኮሚቴው ጸሐፊ (ጠያቂ)
የሆቴሉ መሐንዲስ እንዳሳየን ስንጥቁ ከኮለኑ (ከምሰሶው) አጠገብ ጀምሮ ወደ ቢሙ መሐል በሰያፍ የሚወጣ ሲሆን፣ ልስኑ በተነሣበት ቦታ ኮንክሪቱ ላይም ይታያል። ከተማው አዲስ አበባ ነው፤ ጉባኤው ሦስት ቀን ይቆያል፤ በየቀኑ ሁለት ሁለት የ45 ደቂቃ ዐቢይ ንግግሮች አሉ። ፖስተር የሚለውን ሐሳብ አይተነዋል፤ ነገር ግን ከውጭ የሚመጡ ብዙዎቹ ተሳታፊዎች የጉዞ ወጪያቸውን ዩኒቨርሲቲያቸው የሸፈነላቸው የቃል ገለጻ ስለሚያደርጉ ነው፤ የግብዣ ደብዳቤያቸውም ይህንኑ ይላል። ወደ ፖስተር ስናወርዳቸው የሚደርስባቸውን እናስብ።

የግንባታ ተቆጣጣሪ
ከድጋፉ አጠገብ የሚነሣ ሰያፍ ስንጥቅ የሸር (ቢሙን ለመቁረጥ የሚሞክር ኃይል) ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ የሸር ስብራት ደግሞ እንደ መታጠፍ ስብራት ቀስ ብሎ አያስጠነቅቅም። እንዲህ ከሆነ መዘጋቱን እቀበላለሁ፤ የጄሶ ምልክቱ ግን አሁንም ይለጠፍ።

ሒሳብ ወዳዱ
ክርክሩን ትተን ደቂቃዎቹን እንቁጠር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተኩል 510 ደቂቃ ነው። ለምሳ 75፣ ለሁለት የሻይ ዕረፍቶች 60 ሲቀነስ 375 ይቀራል። ሁለቱ ዐቢይ ንግግሮች 90 ሲወስዱ በቀን 285፣ በሦስት ቀን 855 ደቂቃ ይኖራችኋል። ለመክፈቻው 45፣ ለመዝጊያው 30 ያህል ያዙና 780 ደቂቃ ትሠሩበታላችሁ። ሁሉንም ጥያቄውን ጨምሮ በ20 ደቂቃ ለማስተናገድ 1680 ደቂቃ ስለሚያስፈልግ ይህ ፈጽሞ የማይሆን ነው። የመምህሩን ምክር ተከትለን 20 ደቂቃውን ሳንነካ 34 ሰዎች ብቻ ሙሉ ገለጻ ቢያደርጉ 680 ደቂቃ ይሆናል። የቀሩት 50 ሰዎች እያንዳንዳቸው መድረክ ላይ ወጥተው በ2 ደቂቃ ሥራቸውን ቢያስተዋውቁና ዝርዝሩን በፖስተር ቢያሳዩ 100 ደቂቃ ይፈጃል። ድምሩ 780 ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲታለፍ የሚባክነውን ደቂቃ አልቆጠርኩትም፤ ስለዚህ የ2 ደቂቃዎቹ ሰዎች ስላይዶች በአንድ ፋይል ተቀጥለው አስቀድመው ኮምፒውተሩ ላይ ይጫኑ፤ ማንም ፍላሽ ይዞ መድረክ ላይ አይውጣ።

ሳቂታው ብየዳ
በ2 ደቂቃ የአራት ዓመት የዶክትሬት ሥራን መናገር የቻርፒ ሙከራ (ብረትን በአንድ የመዶሻ ምት ሰብሮ ጥንካሬውን መለካት) ነው፤ መዶሻው አንዴ ይወርዳል፣ ያለው ይቀራል።

ከደብረ ብርሃን
ግማሹን ፖስተር ማድረግ አይሻልም?

የቶሪኖዋ ተመራማሪ
እኔ በጣሊያን በጉባኤ ዝግጅት ስረዳ ቆይቻለሁ፤ የሒሳብ ወዳዱ ስሌት ትክክል ይመስለኛል፤ ነገር ግን የጠያቂውን የገንዘብ ጭንቀት ገና አልመለሰም። የሚከተለውን ብታደርጉ ይሻላል እላለሁ።

ዛሬ ማታውኑ ለ84ቱም አጭር ደብዳቤ ላኩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የጉዞ ድጋፍዎ በቃል ገለጻ ላይ የተመሠረተ ነው ወይ? አዎ ያሉት በ34ቱ ውስጥ ቅድሚያ ያግኙ። ቁጥራቸው ከ34 ከበለጠ ደግሞ የ2 ደቂቃው ገለጻ ራሱ በመድረክ የሚቀርብ የቃል ገለጻ ስለሆነ፣ የምስክር ወረቀቱ ላይ የቃልና የፖስተር ገለጻ ተብሎ ቢጻፍ ሐሰት አይሆንም። ቀድሞ በተላከው የግብዣ ደብዳቤ ላይም የሚጣረስ ነገር አይኖርም። ከዚህ ጋር የፖስተር ጽሑፎች በጉባኤው መድበል ውስጥ እኩል እንደሚታተሙ በግልጽ ይነገራቸው፤ ሰው ፖስተር የሚጠላው ብዙ ጊዜ ጽሑፉ ይወድቃል ብሎ ስለሚፈራ ነው።

የቀሩትን ስትመርጡ በሥልጣንና በዕድሜ ሳይሆን በሥራው ዓይነት ምረጡ። የስብራት ገጽታን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያነሡ ሰዎች፣ የድካም መስመሮችን የሚያሳዩ ሰዎች፣ ፎቶዎቻቸውን ሰው ተጠግቶ ቢያይላቸው ይጠቀማሉ፤ በአዳራሽ ከኋላ ወንበር ማንም አያየውም። በአንጻሩ ስንጥቅ ሲያድግ በኮምፒውተር አስመስለው በተንቀሳቃሽ ምስል የሚያሳዩት መድረኩን ይፈልጉታል። በግሌ ከደከሙ ገለጻዎች ይልቅ ጥሩ ፖስተር ፊት ቆሜ ብዙ ተምሬአለሁ፤ ይህን ግን ለሊቀመንበሮች ስነግራቸው ደስ አይላቸውም።

ስለ ማተሚያው አትጨነቁ። ከውጭ የሚመጡት በዚህ አጭር ጊዜ ኤ ዜሮ ወረቀት ይዘው አይመጡም፤ ፋይሉን ይላኩላችሁና ባነር ማተሚያ ቤት እዚያው ያትምላቸው። መጠኑ 841 በ1189 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሁሉም ቁመቱ ይርዘም ብላችሁ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ስጡ፤ አለበለዚያ ሰሌዳው ላይ አይገጥምም። 50ውን በሦስት ቀን ብታከፋፍሉ በቀን ቢበዛ 17 ነው፤ ሁለት ገጽ ያላቸው 9 የቺፕውድ ሰሌዳዎች ይበቃሉ። ሰሌዳዎቹን ሻይ በሚቀርብበት ኮሪደር አቁሟቸው፤ ሰው ስኒውን ይዞ ይመጣል። ከመመገቢያው ራቅ ካሉ ግን ጎብኚ አይኖራቸውም።

የአዘጋጅ ኮሚቴው ጸሐፊ (ጠያቂ)
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤውን አሁን እያረቀቅን ነው። ኮሪደሩ ለሰሌዳዎቹ የሚሆን ስፋት እንዳለው ልንለካ ወደ ሆቴሉ እየሄድን ስለሆነ ስንመለስ እንጽፋለን።

ኢንተርኔት ዘርጊው
ለምን ግማሹን በቪዲዮ አታደርጉትም? አዳራሽ አያስፈልግም።

የቶሪኖዋ ተመራማሪ
ቲኬት ቆርጦ ቅዳሜ የሚገባን ሰው ከሆቴል ክፍልህ ሆነህ በቪዲዮ ተናገር ማለት ይከብዳል። ገና ላልተነሡና ቪዛቸው ለዘገየባቸው ግን ጥሩ ነው፤ ቀርጸው ይላኩ፤ ጥያቄው ብቻ በቀጥታ ይሁን። መስመር ቢቋረጥ እንኳ ቢያንስ ገለጻው አይጠፋም።

ጡረተኛው መምህር
አንድ ነገር ልጨምር። አዲሱን መርሐ ግብር ስትልኩ ሰዓቱን በምን አቆጣጠር እንደጻፋችሁ አስተውሉ። ሒሳብ ወዳዱ ከላይ 3 ሰዓት ብሎ የጻፈውን የውጭ እንግዳ ካየው ሌሊት ይመስለዋል፤ 9 ሰዓት ብላችሁ ብትጽፉ ደግሞ የራሳችሁ አስተናጋጅ ሻዩን ከቀትር በኋላ ያቀርበዋል። በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ፤ በቪዲዮ ለሚገቡት ደግሞ አዲስ አበባ ከግሪንዊች ሰዓት በ3 ሰዓት እንደምትቀድም ይገለጽላቸው። ደግሞ የክፍለ ጊዜ ሊቀመንበሮች በ34ቱ ውስጥ ራሳቸውን መጀመሪያ እንዳያስገቡ ዝርዝሩን አንተው ያዘው።

የግንባታ ተቆጣጣሪ
ትንሹ አዳራሽ የተዘጋው በቢሙ ምክንያት ከሆነ ኮሪደሩ በዚያው ቢም ሥር አለመሆኑን ሆቴሉን ጠይቁት። ሃምሳ ሰው ስኒ ይዞ የሚቆምበት ቦታ ነው።

ከአዳማ
ዘግይቼ ስለደረስኩ ሁሉንም አላነበብኩትም፤ ነገር ግን ከገለጻዎቹ የተወሰኑትን ፖስተር ብታደርጓቸው ነገሩ ይቀላል።