ፊሽካው ሲነፋ ልጆቹ ውልቅ ይሉብኛል፤ ምን ይሻለኛል?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ 18 ልጆች ኳስ አሠለጥናለሁ። አብዛኞቹ ከገጠር ብቻቸውን የመጡ ሊስትሮዎች ናቸው። አንዱ የሊስትሮ ሳጥኑን ከጎል ጀርባ አስቀምጦ ነው የሚጫወተው። ግማሽ ዓይኑ ኳሱ ላይ፣ ግማሹ ሳጥኑ ላይ። (በረኛ ያደረግኩትም ለዚሁ ነው።)

ሐሳቤ ኳስ ብቻ አልነበረም። ከልምምድ በኋላ 20 ደቂቃ ቁጭ ብለን ስለ ማታ ትምህርት፣ ስለ ቁጠባ፣ ስለ ሱስ እንድናወራ ነበር። ግን ፊሽካው እንደተነፋ ውልቅ! አልፈርድባቸውም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ጫማ ያስጠርጋል፣ ገበያቸው ነው። በዳቦና በሻይ ልይዛቸው ሞከርኩ። ሁለት ሳምንት ሠራ፤ ከዚያ ኪሴ እጅ ሰጠ።

አሁን ደግሞ የ14 ዓመቱ አጥቂዬ ከጠፋ ሦስት ሳምንቱ ነው። ጓደኞቹ «ባሕር ዳር ወርዷል» ይላሉ። ከማን ጋር እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ራሴ ሄጄ ልፈልገው ወይስ ቀድሜ ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ላመልክት?

ምክሩንስ ከጨዋታው ጋር እንዴት አዋሐዳችሁት? በልምምዱ መሐል ይሻላል? ሞክራችሁ ያያችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ቅዳሜ ደርሷል።