የእናቴ መኪና፣ አራት ሜትር ሸማ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ። እርዳታችሁን ፈልጌ ነው። እናቴ የስፌት መኪናዋን ሰጥታኛለች። ባለ እግር፣ ጥቁር፣ የድሮ ሲንጀር ነው። ልጅ ሆኜ እሷ ስትሰፋበት አጠገቧ ቁጭ እል ነበር። ራሴ ግን ሰፍቼበት አላውቅም። ለዓመታት ጨርቅ ለብሶ ጥግ ይዞ ነው የኖረው። አሁን በእጄ ሳዞረው በግድ ነው የሚዞረው።

ከሽሮ ሜዳ የገዛሁት አራት ሜትር ነጭ ሸማም አለኝ። ጥለት የለውም፣ ሌጣ ነው። ሐሳቤ ለስድስት ዓመት ልጄ የጥምቀት ቀሚስ መስፋት ነው። ደረቱ ላይ ደግሞ መስቀል መጥለፍ እፈልጋለሁ። እናቴ የትራስ ልብስ ላይ በቀይ ክር «መልካም እንቅልፍ» ብላ ስትጠልፍ አይቻለሁ። አሁን ዓይኗ ስለደከመ ልታሳየኝ አልቻለችም።

ጥምቀት ሁለት ወር ቀርቶታል። በመኪናው ልጀምር ወይስ በእጅ? መጀመሪያ የሚጠለፈው ነው ወይስ የሚሰፋው? ሸማውንስ ሳላበላሽ እንዴት ልቁረጠው?

መልስ፦ ልብስ ሰፊ፣ ደሴ

ልጄ፣ እንኳን እናትሽ መኪናውን አልሸጠችው። እነዚያ ጥቁሮቹ ብረታቸው አይሞትም። ከበድ ያለሽ ውስጡ የደረቀው ዘይት ነው።

እንዲህ አድርጊ። መርፌውን አውጪ። ከመርፌው ሥር ያለውን ሳህን ፈትተሽ የተጠቀጠቀውን ብናኝ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊ። ብናኙ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ልታገኚው ትችያለሽ፣ አትደንግጪ። ከዚያ ዘይት መጠጫ ቀዳዳዎቹ ላይ ሁለት ሁለት ጠብታ ነጭ ጋዝ ጠብ አድርጊ። መስኮት ክፈቺ፣ እሳት አጠገብሽ አይኑር። መሽከርከሪያውን ቀስ ብለሽ በእጅ አዙሪና አሳድሪው። በማግስቱ ጠርገሽ የስፌት መኪና ዘይት ስጪው። የምግብ ዘይት ግን እንዳታስነኪው። ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ብዙ መኪና በዚህ ተበላሽቶ እኔ ጋ መጥቷል።

ከእግር መርገጫው ወደ መሽከርከሪያው የሚዞረው የቆዳ ቀበቶ ከላላ እግርሽ ይሮጣል፣ መኪናው አይሄድም። ትንሽ ቆርጠሽ መልሰሽ አያይዥው። መርፌውን አዲስ ግዢ። ለሸማ 80 ወይም 12 የሚል የተጻፈበት ይበቃል። መርፌው ላይ በአንድ ጎን ረጅም ቦይ አለ፣ በሌላው ጎን ራሱ ጠፍጣፋ ነው። ክሩ ሁልጊዜ የሚገባው በቦዩ በኩል ነው። ይህን ከያዝሽ የመርፌው አገጣጠም አይምታታብሽም።

ከዚያ ክር ሳታስገቢ፣ በአሮጌ መርፌ የደብተር ወረቀት ስፊ። መስመሩን እየተከተልሽ። መሽከርከሪያውን መጀመሪያ በእጅሽ ወደ ራስሽ አስነሺው፣ እግርሽ ከዚያ ይከተል። ወደ ኋላ ከሄደ ክር ይበጥሳል። ሦስት ቀን ወረቀት ስፊ። ቀዳዳዎቹ መስመሩ ላይ ሲያርፉ ያን ጊዜ ወደ ጨርቅ ነይ።

መልስ፦ ጥልፍ ጠላፊ፣ ጎንደር

እህቴ፣ ጋሼ ስለ መኪናው የነገሩሽ ሁሉ ልክ ነው። እኔ ግን መኪናው ዘይት እየጠጣ እያለ አንቺ መርፌ ያዢ እላለሁ። እጅ ያልለመደውን ጨርቅ መኪናም አይገራውም። ሸማ ደግሞ የላላ ጨርቅ ነው፤ ባሕርይውን በጣትሽ ማወቅ አለብሽ።

አንድ ነገር ላጥራልሽ፤ ብዙ ሰው ያምታታዋል። ጥለት ሸማኔው ከጨርቁ ጋር አብሮ የሚሠራው ነው፣ ድርና ማጉ ውስጥ ያለ። ጥልፍ ግን ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚገባ ነው። ስለዚህ ሌጣ ሸማ መግዛትሽ ጥሩ ነው፤ ቦታው ሁሉ ያንቺ ነው።

ጥልፉ ከስፌቱ ይቀድማል። ከመቁረጡም ይቀድማል። የቀሚሱን ፊት በሽልል፣ ማለትም በኋላ በሚፈታ ሰፋ ሰፋ ያለ የእጅ ስፌት ምልክት አድርጊበት፤ አንገቱ እዚህ፣ ትከሻው እዚህ ብለሽ። ከዚያ ጥለፊ። ቀድመሽ ከቆረጥሽው ስትወጥሪው ጠርዙ ይተረተራል፣ ደረቱም ይጣመማል።

መስቀሉን ለመሳል ወረቀት ለአራት እጠፊ። እጥፋቶቹ ከሚገናኙበት ማዕዘን ጀምረሽ አንዱን ክንድ ብቻ ሳይና በመቀስ ቁረጪ። ስትዘረጊው አራቱም ክንድ እኩል ይወጣል። ለስድስት ዓመት ልጅ ደረት ከ8 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። ወረቀቱን ቀን ላይ የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፊ፣ ሸማውን ከላይ አድርጊ። ሸማ ስስ ስለሆነ መስመሩ ያሳያል። በእርሳስ ፈዘዝ አድርገሽ ገልብጪ። እስክሪብቶ አይሆንም፣ ሲታጠብ ይፈሳል። ካርቦን ወረቀትም ነጭ ላይ እድፍ ይተዋል።

ከሸማው ሥር ስስ ፖፕሊን አድርጊና በሽልል አያይዥው። ይህን ካላደረግሽ የክሩ ክብደት ሸማውን ይጎትተዋል። በመወጠሪያው ክብ ስትወጥሪ ሌላውን ጨርቅ እንደ ከበሮ ማድረግ ይቻላል፤ ሸማን ግን አይቻልም። ይለጠጥና ስትፈቺው ይጨማደዳል። ቀጥ እስኪል ብቻ። ማታ ማታ ፍቺው፣ ካሳደርሽው የክቡ ምልክት አይለቅም።

ስፌቱን በሰንሰለት ጀምሪ። መርፌውን ከሥር ወደ ላይ አውጪ። ክሩን ወደ ግራ ጠምዝዘሽ በግራ አውራ ጣትሽ ያዢው። መርፌውን መልሰሽ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ክተቺ፣ ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ብቅ አድርጊው። ክሩ ከመርፌው ጫፍ ሥር መሆኑን አይተሽ ሳቢ። አንድ ዘለላ ወጣ። ቀጣዩ ከዘለላው ውስጥ ይነሣል። ስትስቢ አታጥብቂ፤ ዘለላው የስንዴ ፍሬ ይምሰል። ከጠበቀ መስመር ይሆናል፣ ውበቱ ይጠፋል።

የመስቀሉን ዙሪያ እንዲህ ከጨረስሽ ውስጡን በዚያው ሰንሰለት ጎን ለጎን ሙዪ። ሌላ ስፌት አያስፈልግሽም። አምስት ዓይነት ከመጀመር አንዱን አሳምሮ መያዝ ይሻላል።

ክሩ ከጣትሽ እስከ ክርንሽ፣ አንድ ክንድ ይሁን። ከረዘመ ይጠላለፋል፣ ይላላጣል። ሲጀመር አትቋጥሪ። ጫፉን ከኋላ ተይና በኋላ ከስፌቶቹ ሥር አሳልፊው። ቋጠሮ ልጅ ደረት ላይ ይቆረቁራል።

መልስ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

የኔ እህት፣ እኔ ያጠፋሁትን አንቺ እንዳትደግሚው። ሸማውን መጀመሪያ እጠቢው! እኔ እዚህ ለልጄ ልደት ከአገር ቤት የመጣልኝን ሸማ ሳላጥብ ቆረጥኩት። ሰፋሁት፣ አማረ። አንዴ ሳጥበው ርዝመቱ ከቁርጭምጭሚት ወደ ባት ወጣ። አለቀስኩ እንጂ ሌላ ምን አደርጋለሁ። የእጅ ሽመና ጥጥ ይሰበሰባል። ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፊው፣ ሳትጨምቂ አስጪው፣ እርጥበቱ ሳያልቅ ተኩሺው። ከዚያ በኋላ ያለው ልክ እውነተኛው ልክ ነው።

ስለ ጥልፍ ክር፦ ዲኤምሲ የሚባለውን የፈረንሳይ ክር የሚሠራው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1746 ጀምሮ ያለ ነው። የክሩ ቀለም በቀላሉ አይለቅም። አንዱ እሽግ 8 ሜትር ነው፣ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው ተገምደውበታል። ስድስቱንም አትጠቀሚ። ሁለቱን ለይተሽ አውጪ። ሰው ሲመጣ ማስላክ ከቻልሽ ቀላል ዕቃ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል።

መልስ፦ ልብስ ሰፊ፣ ደሴ

ስለ አቆራረጡ እኔ ልጨምር። እህታችን ስለ ማጠቡ ያለችው ወርቅ ነው።

ሸማ በዓይን ቀጥ አይባልም። ከጠርዙ አንድ ማግ በመርፌ ጫፍ አንሺና ቀስ ብለሽ ምዘዢው። ክሩ ሲወጣ በጨርቁ ላይ ስስ መንገድ ይተዋል። መቀስሽ በዚያ መንገድ ይሂድ። ከዚህ የሚበልጥ ማስመሪያ የለም።

ጥልፉን ጨርሰሽ ጨርቁን አንዴ ለትከሻው፣ አንዴ ለመሐሉ እጠፊው። አራት ድርብ ሆነ። በስፒል ያዢው፣ ሸማ ይንሸራተታል። አሁን በልኳ የሆነ አሮጌ ቀሚሷን ለሁለት አጥፈሽ ከላይ አስቀምጪ። ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ሳሙና ስመሪ። ከዚያ በሜትር አረጋግጪ። የደረቷ ዙሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። 10 ጨምሪ፣ 70 ሆነ። ለአራት ሲካፈል 17 ተኩል። ለስፌት 1 ተኩል ስትጨምሪ 19 ሴንቲ ሜትር። ከመሐሉ እጥፋት እስከ ብብቷ የምትቆርጪው ይህን ነው። ከታች ግን 7 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተይና አጥፈሽ ቀምቅሚው። ለሚቀጥለው ዓመት ይለቀቃል፤ ልጅ ያድጋል።

አንገቱን አደራ። ከመሐል ወደ ጎን 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጀምሪ። ከኋላ 12 ሴንቲ ሜትር ሰንጥቀሽ አንድ ቁልፍ ትተክያለሽ። አንገት ሲጠብ ይከፈታል፤ ከሰፋ ግን መመለሻ የለውም።

መልስ፦ ልብስ ስፌት በቴክኒክና ሙያ የተማረች፣ ሐዋሳ

ኦቨርሎክ፣ ጠርዙ እንዳይተረተር የሚጠቀልለው መኪና፣ የለኝም ብለሽ አትጨነቂ። ሁለቱን ጨርቅ ፊታቸው ወደ ውጭ እንዲሆን አድርገሽ ግጠሚ። ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ላይ ስፊ። የተንጠለጠለውን ክር ከርክሚና ገልብጪው። አሁን ፊትና ፊት ተገጠመ። ከእጥፋቱ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ድጋሚ ስፊ። ጥሬው ጠርዝ መሐል ላይ ተቀበረ፣ አይተረተርም። ለስስ ጨርቅ ከኦቨርሎክ የበለጠ ንጹሕ ነው።

ጠያቂዋ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ መኪናው ይሽከረከራል! ከውስጡ የወጣውን ብናኝ ብታዩት። እናቴ ድምፁን ስትሰማ ከመኝታ ቤት ወጥታ መጣች።

ሁለት ነገር አስቸገረኝ። አንደኛ፣ ከላይ ስፌቱ ያምራል፣ ከሥር ግን ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ይተበተባል። ሁለተኛው የባሰ ነው። መለማመጃ የትራስ ልብስ ላይ በቀይ ክር ጠለፍኩ። እኔ እንኳ ደስ ብሎኝ ነበር። ለብ ባለ ውኃ በኦሞ ሳጥበው ቀዩ ለቀቀ። ዙሪያው ሮዝ ሆነ። ክሩን የገዛሁት ከሰፈር ሱቅ ነው። እንኳን ሸማው አልሆነ።

መልስ፦ ልብስ ሰፊ፣ ደሴ

ልጄ፣ ከሥር ሲተበተብ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ነው። ጨርቁን የሚጫነውን የመኪናውን እግር ወደ ላይ አንሺና የላዩን ክር ከመጀመሪያው አንስተሽ መልሰሽ አስገቢ። እግሩ ወርዶ ሲገባ ክሩ እሱን ከሚያጠብቁት ሁለት ክብ ሳህኖች መሐል አይቀመጥም። ስትጀምሪ ደግሞ የሁለቱንም ክር ጫፍ ወደ ኋላ ስበሽ በጣትሽ ያዢ፤ ሦስት ስፌት እስኪሄድ።

መልስ፦ ጥልፍ ጠላፊ፣ ጎንደር

አይዞሽ እህቴ። የትራስ ልብሱን አታድርቂው፣ በምንም ዓይነት አትተኩሺው። ሙቀት ቀለሙን ያትመዋል። ብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ሳፋ ውስጥ ዘርግተሽ ዘፍዝፊው። ውኃው ሮዝ ሲሆን ቀይሪ። ንጹሕ እስኪሆን ድረስ እየደጋገምሽ። ስታሰጪው አጥፈሽ አታስቀምጪ፣ ቀዩ ነጩን አይንካው።

ወደ ፊት ክር ስትገዢ አንድ ስንዝር ቁረጪና በሙቅ ውኃ አርሺው። ነጭ ጨርቅ መሐል አድርገሽ በካውያ ተጫኚው። ነጩ ላይ ቀለም ከታየ ያንን ክር ለሸማ አታስጠጊው።

ጠያቂዋ፣ ጥምቀት ሦስት ሳምንት ሲቀረው

ሰባት ጊዜ ውኃ ቀየርኩ። ሮዙ ከሞላ ጎደል ለቋል፤ ፊደሎቹ ሥር ትንሽ ቀርቷል። የትራስ ልብሱን እናቴ ወስዳዋለች፣ እሷ ናት የምትተኛበት።

መስቀሉን በአረንጓዴና በቢጫ ክር ጨረስኩት፤ ሁለቱንም በነጭ ጨርቅና በካውያ ፈትኜ። የመጀመሪያው ክንድ ላይ ሰንሰለቱ ጠብቋል፣ አራተኛው ላይ ግን የስንዴ ፍሬ መስሏል። አልፈታሁትም። ማግ መዝዤ ቆረጥኩ፣ ጎኖቹን፣ የሐዋሳዋ እህቴ፣ እንዳልሽኝ ሁለቴ ሰፋሁ። ከእጥበት በኋላ ሸማው በእያንዳንዱ ሜትር ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ አጥሯል፤ ባትነግሩኝ ኖሮ ቀሚሱ ያጥርብኝ ነበር።

ልጄ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ከአያቷ ተምራ በየቀኑ ትደግምልኛለች። ትናንት አለበስኳት። የኋላውን ሰንጥቄም ራሷ በአንገቱ አልገባም፣ ጆሮዋ ላይ ቆመ። ጋሼ ያሉት ትዝ አለኝ። አውልቄ 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፈትኩት። ገባ።